የማያደንቅ ዓይን

በ1974 ዓ.ም. ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነበር። ከፋርጣ ገጠር ወጥቼ ደብረ ታቦር ከአንድ አናጢ ቤት የገባሁት ያን ዓመት ነው። እንጨት ወድጄ አይደለም። ከታላቅ ወንድሜ ጋር በበሬ ነገር ተጣላንና "ሁለተኛ ከዚህ ቤት አልገባም" አልሁ፤ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ መመለስ አፈርሁ። እልኸኛ ነኝ። ሚስቴ "ከእሱ ጋር ከመሟገት ከግንድ ጋር መሟገት ይሻላል፤ ግንድ ቢያንስ ይፈለጣል" ትላለች።

ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልገፋሁበት። ጽሑፌ ሸካራ ቢሆን እለፉኝ። እንጨት ቢሆን በመላጊያ አለሰልሰው ነበር። ልጽፍ የተነሣሁት ጡረታ በወጣሁ ሰሞን ልጄ "አባባ፣ ያን ሁሉ ዘመን ምን ሲሠሩ ኖሩ?" ብላ ስለጠየቀችኝ ነው። "በር፣ ወንበር፣ ጠረጴዛ" አልኋት። "በቃ?" አለችኝ። እሷ "በቃ" አልተዋጠችልኝም።

ሥራ ያስተማሩኝ አያ ውብነህ ይባላሉ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ሳንቃ ሊገዙ ሲሄዱ አብሬ እሄዳለሁ። ሻጭ ያማረውን ፊት ወደ ላይ፣ ጉጥና ስንጥቅ ያለበትን ወደ መሬት አድርጎ ነው የሚደረድር። አያ ውብነህ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ይገለብጡታል። በጣታቸው አንጓ ይቆረቁሩታል፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ ያሸቱታል። አንድ ሻጭ "ኧረ አያ ውብነህ፣ ሳንቃ ሊገዙ ነው ወይስ ሚስት ሊያጩ?" ቢላቸው፣ "ሚስትማ ስትጣመም ሽማግሌ ይገባል። በር ሲጣመም ማን ይገባል?" አሉት።

አንድ ቀን ብቻዬን ላኩኝ። ያማረ የዋንዛ ሳንቃ አየሁ፤ ሳልገለብጥ ገዛሁ። አልተቆጡም። "በል በር ሥራበት" አሉኝ፤ ሠራሁ፤ ክረምቱ ሲገባ በሩ እንደ ቀስት ጎበጠ። ባለቤቱ እየተራገመ በመጣ ቁጥር አያ ውብነህ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ "አስማረን ጥሩት፣ በሩ የሱ ነው" ይላሉ። ክረምቱን ሙሉ ያን በር ስልግ ከረምሁ። ከዚያ ወዲህ ሳልገለብጥ የገዛሁት እንጨት የለም።

ሌላው ልማዳቸው "እንዴት አወቅህ?" ማለት ነው። ስሳሳት ቢጠይቁኝ ደግ፤ ልክ ስሆንም ይጠይቁኛል። "ይህ ዋንዛ ነው" እላለሁ። "እንዴት አወቅህ?" "በቀለሙ።" "ቀለም ይቀባል።" "በክብደቱ።" "እርጥብ ቢሆንስ?" ከዚያ በኋላ ዋንዛ መሆኑ ቀርቶ እንጨት መሆኑንም እጠራጠራለሁ።

ከዚያ የመንግሥት ሥራ ገባሁ። መጀመሪያ የደረሰኝ ሐሙሲት ነው፤ ትምህርት ቤት ሲሠራ ዴስክ እንድሠራ። የዚያ አለቃዬ ወታደር የነበሩ ወፍራም ሰው ናቸው። ዴስክ የሚረከቡት በላዩ ቆመው በመዝለል ነው። ከተሰበረ አልተረከቡም። ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን ማጋጠም የተማርሁት ከእሳቸው ዝላይ ነው። ምስማር ብቻ የያዘው እግር እሳቸው ሲወርዱ አብሮ ይወርዳል፤ በመሮ ተጎድጉዶ እንጨት በእንጨት የተነከሰው ግን ንቅንቅ አይልም። ቀጥሎ እብናት ተዛወርሁ። እዚያ አለቃው ምስጥ ነው። የሠራሁትን ወንበር እግር እግሩን ይበላዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ብቀባበት ምስጡ ሸሸ፤ ልጆቹም ሸሹ፣ ሱሪያቸው ሁሉ ጠቆረ። ስለ ደመወዙ አላወራም፤ ባወራም አታምኑኝ።

በመጨረሻ ደብረ ታቦር ተመልሼ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ክፍል ተረከብሁ። ጡረታዬ ሲቃረብ ነው እንግዲህ መምህርት ሰላም የመጣችው። ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ ኮምፒውተር የምታስተምር፣ ቶሎ ቶሎ የምትናገር ልጅ ናት።

"ጋሼ አስማረ፣ ክፍልዎን ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ቢፈቅዱልኝ? ለክበብ ነው። ልጆቹ ማሽን እንዲያስተምሩ።"

"ማሽን ልጆቹን እንዲያስተምር ማለትሽ ነው።"

"አይደለም። ልጆቹ ማሽኑን።"

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይባላል አለችኝ። ስሙ እንደ ባላባት ስም ረዥም ነው፤ እኛ ኋላ "ስልኩ" እያልን ተገላገልን። ደግሞ ደጋግሞ በማየት ይማራል አለችኝ፤ ይህ የታመመ ነው፣ ይህ ደኅና ነው እያሉ ቢያሳዩት በኋላ ራሱ ይለያል።

"ለማጅ ነው በይኛ" አልኋት።

"ለማጅ ነው። እነዚህ ልጆች ነገ ባንክ ቢገቡ ይህ ነገር አለ፣ ሐኪም ቤት ቢገቡ አለ፣ እርሻ ቢመለሱም አለ። እንደ ጠንቋይ እንዲፈሩት አልፈልግም። እንደ ታቦት እንዲሰግዱለትም አልፈልግም። ሠርተው፣ ሲሳሳት አይተው፣ ራሳቸው ያቃኑት።"

"ክፍሉን እሰጥሻለሁ። ግን ግማሹ ሰዓት የኔ ነው። መጋዝ ያልያዘ ልጅ ስልክሽን አይነካም።"

"ምን አገናኘው?"

"አላውቅም። ክፍሉ የኔ ነው።"

ተስማማች። ምን ታድርግ።

ከልጆቹ መካከል ትርንጎ የምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከጉና ግርጌ ካለ መንደር የመጣች ናት። መንደሯ ትምህርት ስምንተኛ ላይ ያልቃል፤ ስለዚህ ከተማ ቤት ተከራይታ ትማራለች፣ ዓርብ ዓርብ ለስንቅ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ቀጭን ናት፤ ክርክሯ ግን ወፍራም ነው። "ይህ ጥድ ነው" ስላት "እንዴት አወቁ?" አለችኝ። አያ ውብነህ ከመቃብር የተነሡ መሰለኝ። ወደድኋት፤ አናደደችኝም።

ልጆቹ ምን እናስተምረው ብለው ተከራከሩና ትርንጎ "ዋግ" አለች። ዋግ የስንዴ ቅጠል እንደ ዝገት የሚያለብስ በሽታ ነው፤ ቶሎ ከተለየ መድኃኒት ይረጫል፣ ከዘገየ ገለባ ይታጨዳል። ሁሉም የገበሬ ልጆች ናቸውና ተስማሙ። በጥቅምት፣ ለስንቅ ቤታቸው በሄዱ ቁጥር የታላቆቻቸውን ስልክ ተውሰው ከየአባታቸው ማሳ ቅጠል አነሡ። ከትምህርት ቤቱ ግቢ ካለችው የሠርቶ ማሳያ እርሻም አነሡ። መምህርት ሰላም ሁሉንም ለስልኩ አሳየችው። ከክፍላችን ስንሞክረው አልሳሳት አለ። ጨፈርን። እኔም ጨፈርሁ፤ አልዋሽም።

ትርንጎ "አባቴ ማሳ እንሞክረው" አለች።

አባቷ ባዬ ይባላል፤ ረዥም፣ ጋቢውን አጥብቆ የሚለብስ ሰው ነው። ሄድን። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ባዬ መጀመሪያ ማሳው ጠርዝ ላይ አቆመን፤ ልጁ ስትለምነው እያቅማማ ወደ መሐል አስገባን። እንዲያ ያለ ስንዴ አላየሁም፤ እስከ ወገቤ የደረሰ፣ ቅጠሉ አውራ ጣት የሚያህል ሰፊ። ትርንጎ ስልኩን ደቀነች።

"ዋግ" አለ ስልኩ።

ሌላ ቅጠል። "ዋግ።" ሌላ። "ዋግ።"

ጎረቤት ተንሾካሾከ። ባዬ ቅጠሉን ቆርጦ ነጭ ጋቢው ላይ አሸው። ዋግ ቢሆን ቢጫ ዱቄት ይተው ነበር። ምንም የለም። ገልብጦ አሸው። ምንም።

"ንጹሕ ነው!" አለ። "ንጹሕ እህሌን ሰው ሰብስበሽ ታሟርቺበታለሽ? በስልክ ልታስበይኝ ነው?"

"አባቴ፣ ቆይ..."

"ምን ቆይ አለ! ለዚህ ነው ከተማ ቤት የተከራየሁልሽ? ሳያዩ የሚዋሹማ እዚሁ ሞልተውልኛል።"

በማግስቱ ከተማ ወርዶ ዕቃዋን በአህያ ጭኖ ወሰደው። ከብዙ ልመና በኋላ "እስከ ኅዳር ሚካኤል ፈተናዋን ትጨርስ፤ ከዚያ ትግባ" አለ። መግባት ማለት ለእሷ ትምህርት ማቆም ነው፤ ከስምንተኛ በላይ እዚያ የለምና። ትርንጎ አንዲት ጓደኛዋ ቤት ተጠጋች። አላለቀሰችም፤ ባለቀሰች ይሻለኝ ነበር። መምህርት ሰላምም ሳምንቱን ሙሉ ቶሎ ቶሎ አልተናገረችም።

እኔ ጥፋቱ የብርሃን ነው አልሁ። ሜዳ ላይ ፀሐይ ያሳስታል፤ ቅጠሉ በአንድ ዓይነት ብርሃን ይታይ። መምህርት ሰላም "ላይሆን ይችላል" አለች። "ነው" አልሁ፤ ሳጥን ሠራሁ። ከደረቀ ጥድ፣ ጠርዝ ለጠርዝ በመሮ የተናከሰ፣ መርፌ የምታህል ብርሃን የማታስገባ። ውስጡን ኖራ ቀባሁት፣ የስልኩ መብራት ሁሉም ጋ እኩል እንዲደርስ። ከላይ ለስልኩ ዓይን ቀዳዳ ተውሁ። ከጎኑ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አወጣሁና ብርሃን እንዳይሾልክ የአሮጌ ካፖርቴን እጅጌ ቆርጬ በምስማር መታሁበት። የሚያምር ሥራ ነበር። ከመንደር በስንት መከራ አንዲት ደኅና ቅጠል አስመጣንና ከተትን።

"ዋግ" አለ ስልኩ።

ልጆቹ እኔን ላለማየት ጣራውን አዩ።

ምክንያቱን ያገኘችው ትርንጎ ናት። ፎቶዎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ስታይ ዋለችና መጋዝ እየሞረድሁ ሳለ መጣች።

"ጋሼ፣ 'ደኅና' ብለን ያሳየነው ሁሉ ከየት ነው?"

"ከየቦታው።"

"አይደለም። ሁሉም ከትምህርት ቤቱ እርሻ ነው። ቀይ አፈር፣ ከኋላው ቆርቆሮ አጥር። ከመንደር የመጣው ሁሉ የታመመ ነው። ከመንደር የመጣ ደኅና ቅጠል አንድም የለም።"

"ለምን?"

መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነው። "አባቴ የት ላንሣ ስለው 'እዚያ ማዶ፣ ከከሳችው ጥግ' ነው ያለኝ። ያማረውን ለማን ያሳያል? የሁሉም አባት እንደዚያ ነው።"

ዕቃዬን አስቀመጥሁ። እውነቷን ነው። በኛ አገር ገበሬ "እህል እንዴት ነው?" ቢሉት "ምን እህል አለ፣ እግዜር ያውቃል" ይላል፤ ጎተራው ሞልቶ እየፈሰሰ። ያማረ ማሳ ለሰው ዓይን አይሰጥም፤ ዓይን ይበላዋል። አገሩ ሁሉ ለልጆቹ የከሳውን ጥግ እያሳየ መልካሙን ደበቀ፤ ስልኩም መንደር ሁሉ በሽተኛ፣ ደኅና የቆርቆሮ አጥር ያለው ብቻ ነው ብሎ አመነ። ለማጁን ሳንቃውን በአንድ ፊቱ ብቻ አሳይተነው ኖሯል። መምህርት ሰላም ስትሰማ ራሷን ይዛ ተቀመጠች። "እኔ ነበርሁ መጠየቅ የነበረብኝ" አለች። ትርንጎ "እርስዎ የአዲስ አበባ ልጅ ነዎት፣ በምን ያውቃሉ" አለቻት።

አሁን መልካሙን ቅጠል ማን ይሰጠናል? ቅዳሜ ገበያ ወረድሁ። ባዬን ከእህል ተራ አገኘሁት። ነገሩን አስረዳሁት። ልጁ ትክክለኛውን ነገር እንዳገኘች ስነግረው ፊቱ ትንሽ ተፈታ፤ ከዚያ መልሶ ቋጠረው።

"አያ አስማረ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለኝ። "ያ ስልክ ያየውን ያደንቃል?"

"አያደንቅም።"

"'ወይ መታደል' አይልም?"

"ምን ብሎ።"

"ይመኛል?"

"ሆድ የለው፣ በምኑ ይመኛል?"

የያዘውን የዝንብ ጭራ እያወዛወዘ አሰበ። "እንግዲያ የሱ ዓይን አይበላም" አለ። "የሚበላ የሚያደንቅ ዓይን ነው። ችግሩ እናንተ ናችሁ፣ ከኋላው ቆማችሁ የምታዩት።"

ሳጥኔ ትዝ አለኝ። "ማንም ሰው ሳያይ፣ እሱ ብቻ ቢያይስ? አንተው ቆርጠህ፣ በጋቢህ ሸፍነህ፣ በእጅጌ አስገብተህ፣ መልሰህ ብትወስደው?"

"ፎቶውንስ ኋላ አታዩትም?"

"አንዲት ቅጠል ናት። ስም የላት፣ ማሳ የላት። የማን እንደሆነች እኔም አላውቅ።"

ጋቢውን አጣፋ። "የኔማ ምን አላት፣ የከሳች ናት" አለ። ያን ጊዜ እሺ እንዳለ አወቅሁ።

በሚቀጥለው ቀን፣ ባዬ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ነግሮ ኖሮ፣ ሳጥኑን ከመንደሩ ዋርካ ሥር አስቀመጥን። እንዲያ ያለ ትዕይንት አላየሁም። ሰው ሁሉ እጁን በጋቢው ውስጥ ሸሽጎ፣ እንደ ሌባ እየተገላመጠ ይመጣል። "የኔ መናኛ ናት፣ ለመሙላት ያህል ነው" ይላል፣ እጁን በካፖርቴ እጅጌ ይሰዳል፣ ስልኩ ያያል፣ 'ደኅና' ወይም 'ዋግ' ብሎ ለትርንጎ ሹክ ይላታል፣ ቅጠሉን መልሶ ጨብጦ ይሄዳል። አንዷ እናት "ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል?" ብለው ጠየቁ። ትርንጎ "ኧረ እማማ፣ ከጨፈነ ምኑን ያያል" አለቻቸው። የታመመውም ደኅናውም ከአንድ መንደር፣ በአንድ ሳጥን፣ በአንድ ብርሃን ገባ፤ መምህርት ሰላምም ስልኩን በዚያ እንደገና አስተማረችው። ሳጥኔ ለተሠራበት ነገር ሳይሆን ላልተሠራበት ዋለ። ይሁን።

ኅዳር ሚካኤል የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ሆነ። ጠዋት ርእሰ መምህሩ ሰው ሰብስበው ጋቢ አለበሱኝና ንግግር ጀመሩ። "ለትውልድ ያበረከቱት..." ሲሉ "ይቅርታ፣ መኪና ያመልጠኛል" ብዬ ወጣሁ።

መንደሩ በዓሉን አክብሮ፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ባዬ ግቢ ተቀምጧል። ልጆቹ ሳጥኑን መሐል አኖሩት። ሰው ተራ በተራ ቅጠል ሰደደ። "ደኅና" ይላል ስልኩ፤ ሰውየው ጋቢው ላይ አሽቶ "ልክ ነው!" ይላል። "ዋግ" ይላል፤ ቢጫው ይታያል። ባዬ የራሱን አስገባ። "ደኅና።" ሳቁን ሊሸሽግ ፂሙን ጠረገ።

ከዚያ ምሕረቴ የሚባል ተንኮለኛ ጎረቤት እጁን ሰደደ።

"ደኅና" አለ ስልኩ።

ትርንጎ ግን ዓይኗን ከምሕረቴ እጅ አልነቀለችም። ከዚያ እጇን አስገብታ ቅጠሉን አወጣችው። አገላብጣ አየችው፣ ነጠላዋ ጫፍ ላይ አሸችው። ቢጫ።

"ስልኩ ተሳስቷል" አለች፣ ጮክ ብላ።

እኔ ዓይኔን ጨፈንሁ። በገዛ አፏ! አሥር ሰው ፊት ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር?

"ይኸው!" አለ ምሕረቴ እየሳቀ። "አላልኋችሁም?"

"አያ ምሕረቴ፣ ይህ ስንዴ አይደለም" አለችው። "አንገቱን እዩት፣ አገዳውን ያቀፈበት ጆሮ ረዥም ነው። ገብስ ነው። ለስልኩ ገብስ አሳይተነው አናውቅም። የማያውቀውን ሲጠይቁት ደግሞ 'አላውቅም' አይልም፤ እንደሚያውቅ ሆኖ ይመልሳል። ሲያስገቡ እጅዎ ቶሎ ቶሎ ስላለ ነው የጠረጠርሁ።"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። "ያዘችህ!" አሉት። ምሕረቴም አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

ባዬ አልሳቀም። ልጁን ብዙ አያት፤ ከዚያ ስልኩን አየው።

"ሳያውቅ 'ደኅና' ነው ያለ?" አለ።

"አዎ አባቴ።"

"አላፈረም?"

"አያፍርም።"

"የማያደንቅ፣ የማያፍር" አለ ባዬ። "እንዲህ ያለ ዓይን አውጣማ ያለ እረኛ አይለቀቅም።" ወደ እኔ ዞረ። "ትመለስ። ትማር። ግን አያ አስማረ፣ ዕቃዋን የማጓጉዝበት የለኝም፤ አህያዬ ትናንት ወልዳለች።"

"ለዕቃው አታስብ" አልሁት። መምህርት ሰላም ቶሎ ቶሎ እየተናገረች ታለቅስ ነበር። ያን ምሽት ባዬ ቤት አደርሁ።

በማግስቱ ጠዋት ፍራሿን ጠቅልዬ በጠፍር አሰርሁና ተሸከምሁት። ትርንጎ ምድጃዋንና ድስቷን ይዛ ከፊት ከፊት ትሄዳለች፤ ዳገቱ ላይ "ይረፉ" ትለኛለች፣ "አልደከመኝም" እላታለሁ፣ "እንዴት አወቁ?" ትለኛለች። መንገድ ዳር ስንደርስ የማውቀው የሚኒባስ ረዳት ከሩቅ አየኝ።

"ጋሼ አስማረ! ጡረታ ወጡ አሉ፣ እውነት ነው?"

"ትናንት" አልሁና ፍራሹን ወደ ሌላው ትከሻዬ አዛወርሁት።